ከድምፅ ወደ ጽሑፍ መገልበጥ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደሴና አካባቢዋ ላይ ለመመረቂያ ጽሑፍ፣ ለሬዲዮ ዝግጅት ወይም ለቤተሰብ ታሪክ ብለው ድምፅ የሚገለብጡ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝን ከቀላሉ ወደ ከባዱ እነሆ።

የ1 ሰዓት ቀረጻ ለመገልበጥ ስንት ሰዓት ይፈጃል?

አንድ ሰው ረጋ ብሎ የተናገረበት የጠራ ቀረጻ ከሆነ፣ ልምድ ላለው ሰው ከ4 እስከ 6 ሰዓት። ጀማሪ 8ም 10ም ሰዓት ሊቀመጥበት ይችላል። አምስት ስድስት ሰው የሚነጋገርበት የቡድን ውይይት ከዚህም ይብሳል። ማን ምን አለ የሚለውን መለየት ብቻውን ሥራ ነው።

ይህን አስቀድማችሁ አስሉት። 12 ቃለ መጠይቅ፣ እያንዳንዱ 1 ሰዓት ቢሆን፣ 60 ሰዓት አካባቢ ሥራ ነው። በቀን 5 ሰዓት ብትሠሩ 12 ቀን ይፈጃል። "ቅዳሜና እሑድ እጨርሰዋለሁ" ብለው ጀምረው ሰኞ ጠዋት ፊታቸው ጠቁሮ የሚመጡ ተማሪዎችን ብዙ አይቻለሁ። ያሳዝኑኛል። ሰነፎች ስለሆኑ እኮ አይደለም፤ የሥራውን ልክ የነገራቸው ስለሌለ ነው።

ምን ምን ያስፈልገኛል?

ጆሮን ግጥም አድርጎ የሚሸፍን ማዳመጫ፣ ኪቦርድ ያለው ኮምፒውተር፣ እና ድምፁን ከትየባው ሳትወጡ የምታቆሙበትና የምትመልሱበት ፕሮግራም። ሦስተኛውን ብዙ ሰው ይዘነጋዋል። ድምፁን በስልክ እየከፈቱ በኮምፒውተር መተየብ፣ እጅ በየደቂቃው ከኪቦርድ ወደ ስልክ ሲመላለስ፣ የቀኑን ግማሽ ይበላል።

ኦትራንስክራይብ የሚባለው ነፃ ገጽ ለጀማሪ ይበቃል። ድምፁና መጻፊያው አንድ ገጽ ላይ ናቸው። ኢስኬፕ ቁልፉ ያስጀምራል፣ ያቆማል። ኤፍ 1 ወደ ኋላ ይመልሳል፣ ኤፍ 3 ያዘገያል። ኮንትሮልና ጄ አንድ ላይ ሲጫኑ ደቂቃውን ጽሑፉ ውስጥ ይከትላችኋል። ድምፁ ወደ ኢንተርኔት አይጫንም፣ እናንተው ኮምፒውተር ላይ ይቀራል። ኤክስፕረስ ስክራይብ የሚባለው ፕሮግራምም ጥሩ ነው፤ በእግር የሚረገጥ ማቆሚያ ላለው ሰው ደግሞ በጣም ያፈጥናል። ምንም ካልተገኘ ሁሉም ቤት ያለው ቪኤልሲ የሚባለው ማጫወቻ ድምፁን ያዘገያል።

ጊዜው በዋናነት የሚባክነው የት ላይ ነው?

እየመለሱ ማዳመጥ ላይ። አንዲት ቃል አልተሰማችም፣ ይመለሳል። አሁንም አልተሰማችም፣ ይመለሳል። ለአንዲት ቃል 5 ደቂቃ ይሄዳል። ሰውየው ግን ብዙ ጊዜ ያቺኑ ቃል ትንሽ ቆይቶ ራሱ ይደግማታል፤ ያኔ ጥርት ብላ ትሰማለች።

እኔ በሦስት ዙር ነው የምሠራው። በመጀመሪያው ዙር አልተይብም። ቀረጻውን እንዳለ እሰማለሁ፣ የሰውና የቦታ ስም ብቻ በወረቀት እይዛለሁ። ሰው "ጊዜ ማባከን ነው" ይለኛል። ግን የሰውየው አነጋገር፣ የሚያዘወትራት ቃል፣ የሚውጣት ፊደል ጆሮዬ ውስጥ የምትገባው ያኔ ነው። በሁለተኛው ዙር እተይባለሁ፣ አንድ ቦታ ላይ ግን ከሁለት ጊዜ በላይ አልመለስም። ካልተሰማኝ [? 12፡40] ብዬ ደቂቃውን ጽፌ አልፋለሁ። በሦስተኛው ዙር ምልክት ወዳደረግሁባቸው ቦታዎች ብቻ እመለሳለሁ። ግማሹ ምልክት ያለ ምንም ድካም ይፈታል፤ ሰውየው ራሱ ኋላ ላይ ነግሮኛልና።

ደግሞ ቀረጻውን በዚያው ሰሞን ገልብጡት። ከሁለት ወር በኋላ የሰውየው እጅ የት እንደጠቆመ፣ "እዚያ ማዶ" ያለው የትኛውን ጋራ እንደሆነ ይረሳል።

በስልክ ብቻ መገልበጥ ይቻላል?

ይቻላል፣ ለ10 ደቂቃ ቀረጻ። ከዚያ በላይ ከሆነ አንገትም ዓይንም አይችለውም። ኮምፒውተር ከሌላችሁ የሰው ተውሳችሁም ቢሆን በኪቦርድ ሥሩ። ስልኩ የሚጠቅምበት ሌላ መንገድ አለ፤ ከታች ነግሬአችኋለሁ።

የአማርኛ ትየባዬ ቀርፋፋ ነው፤ ምን ላድርግ?

መጀመሪያ በምን እንደምትተይቡ እዩ። በድሮ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ጽሑፍ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ምልክት በምልክት ይሆናል፣ ቃልም አይፈለግበትም። ዩኒኮድ የሆነ፣ ማለትም የትም ኮምፒውተር ላይ ፊደሉ ሳይበላሽ የሚከፈት ጽሑፍ የሚሰጥ ኪቦርድ ተጠቀሙ። ኪይማን የሚባለው ነፃ ነው። ፓወር ግዕዝ የለመደም የዩኒኮድ አማራጩን ይምረጥ።

ሁለተኛ፣ ተደጋጋሚውን አሳጥሩ። ጠያቂውን "ጠ"፣ ተጠያቂውን "ተ" በሉት። "ማኅበረሰብ" የሚለው ቃል ቢደጋገም "ማኅ/" ብላችሁ እለፉት። መጨረሻ ላይ በዎርድ የመተኪያ ትዕዛዝ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ትቀይሩታላችሁ። እየተየባችሁ ግን ስሕተት አታርሙ። እጅ ይተይብ፣ ዓይን ኋላ ያርም።

ሦስተኛ፣ ሀ ሐ ኀ፣ ሰ ሠ፣ አ ዐ፣ ጸ ፀ ላይ ቁርጥ ያለ ውሳኔ ይኑራችሁ። አንዱን ገጽ "ሼኽ" ሌላውን "ሸህ" ብላችሁ ከጻፋችሁ፣ 200 ገጽ ውስጥ ያ ሰው የተጠቀሰበትን ስትፈልጉ ግማሹን አታገኙትም። ትንሽ የቃላት ዝርዝር አጠገባችሁ አኑሩ። ለእኛ አገር ይህ በተለይ ለቦታ ስም ያስፈልጋል። ወረ ኢሉ፣ ወረ ባቦ፣ ወረ ሂመኖ የሚሉትን አንዱ ለያይቶ ሌላው አጋጥሞ ይጽፋቸዋል። አንዱን ምረጡና እስከ መጨረሻው ያዙት።

ድምፁን ማዘግየት ይሻላል ወይስ እያቆሙ መጻፍ?

ማዘግየት። ከመቶ 70 ወይም 75 ላይ አድርጉትና እጃችሁ ሳይቆም ለመከተል ሞክሩ። ከ60 በታች ከወረደ ቃሉ ይለጠጥና ጭራሽ አይለይም። በችኮላ ለሚናገር ሰው ይሄ ትልቅ እፎይታ ነው። የመጨረሻውን ማረጋገጫ ግን ሁልጊዜ በሙሉ ፍጥነት አዳምጡ። ቁጣና ሐዘን፣ ጥያቄና ምፀት የሚለዩት በዚያ ነው።

ጫጫታ ያለበትን ቀረጻ ማጥራት ይቻላል?

በከፊል። ኦዳሲቲ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ጫጫታ መቀነሻ አለው። ማንም የማይናገርበትን ሁለት ሦስት ሰከንድ ትመርጣላችሁ፣ "ጫጫታው ይህ ነው" ብላችሁ ታስተዋውቁታላችሁ፣ ከዚያ ሙሉው ላይ ታስኬዱታላችሁ። ሳያቋርጥ ለሚሰማ ድምፅ፣ ለጄኔሬተር ወይም ቆርቆሮ ላይ ለሚወርድ የክረምት ዝናብ፣ ይሠራል። ለሰው ወሬ፣ ለመኪና ጡሩንባ፣ ለሙቀጫ አይሠራም። ብዙ ከተጫነበት ደግሞ ድምፁ ከጣሳ ውስጥ የሚወጣ ይመስላል። ዋናውን ፋይል ሳትነኩ በሌላ ቅጂ ላይ ሥሩ።

ሙቀጫን ያነሣሁት በምክንያት ነው። አንድ ጊዜ ሐይቅ አካባቢ አንዲት እናት ስለ ሰባ ሰባቱ ረሃብ ይነግሩኝ ነበር። ወንድማቸው ደክሞት የቀረበትን ቦታ ስም ሊጠሩ ሲሉ ጓዳ ውስጥ ቡና መወቀጥ ተጀመረ። የዘነዘናው ምት ስሙን ከላይ ከላዩ መታው። ደሴ ተመልሼ ያቺን 2 ሰከንድ ስንቴ እንደሰማኋት አላውቅም። ማታ በማዳመጫ፣ ጠዋት ያለ ማዳመጫ። በመጨረሻ ለልጃቸው ደወልሁ። እናትየው ስልኩን ተቀብለው ስሙን ሁለቴ፣ ቀስ አድርገው ነገሩኝ። 1 ደቂቃ አልፈጀም። የተናገረው ሰው በሕይወት ካለ መጠየቅ ይቀድማል።

ከዚያ ወዲህ አቦሉ እስኪቀርብ መቅረጫዬን አልከፍትም። ቡናው ይቆላ፣ ይወቀጥ፣ ይፈላ። ወጉ ስኒው ከተቀዳ በኋላ ይጀምር፣ እስከ በረካ ጊዜ አለ። ስልኩን ረከቦቱ ላይ አታስቀምጡት፣ ስኒው ሲነካካ ነጎድጓድ ይሆናል። የታጠፈ ጋቢ ወይም ነጠላ ላይ፣ ከተናጋሪው ክንድ በማይርቅ ቦታ አድርጉት። የበረራ ሁነታው ላይ ማድረግም እንዳትረሱ። ከመነሣታችሁ በፊት የቦታና የሰው ስሞችን አንድ በአንድ "እንዲህ ነው ያሉኝ?" ብላችሁ አስደግሙ። ይህች 5 ደቂቃ የአንድ ቀን ሥራ ታቀላለች።

ማሽን አማርኛን ይገለብጥልኛል?

ረቂቅ ይሰጣችኋል። ድምፅን ወደ ጽሑፍ የሚቀይረው የኦፕንኤአይ ዊስፐር እ.ኤ.አ. በ2022 ሲወጣ አማርኛን ከቋንቋዎቹ ዝርዝር ውስጥ አስገብቶ ነበር፤ የአማርኛ ውጤቱ ግን ደካማ ነው። የተማረበት የአማርኛ ድምፅ ከእንግሊዝኛው ጋር ሲተያይ እፍኝ አይሞላም። ተናጋሪው ዝም ሲል ማሽኑ አንዱን ዓረፍተ ነገር እየደጋገመ ሲጽፍ ታገኙታላችሁ። እንደ ጎግሉ ጀሚናይ ያሉት አዳዲሶቹ ከዚያ የሚሻል ረቂቅ ያወጣሉ፣ በተለይ ስቱዲዮ ውስጥ በተቀረጸ የዜና አማርኛ።

አደጋውም እዚያው ላይ ነው። አዲሱ ማሽን ያልሰማውን ቦታ ባዶ አይተወውም። ባማረ አማርኛ ይሞላዋል። ስሕተቱ ስሕተት ስለማይመስል ዓይን ያልፈዋል። የወረ ባቦ ገበሬ በራሱ ቋንቋ የተናገረው የዜና አንባቢ የተናገረው መስሎ ይወጣል። ስለዚህ በማሽን ረቂቅ የሚሠራ ሰው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ድምፁን እየሰማ ማረም አለበት።

ያዋጣል ወይ ለሚለው እንዲህ አድርጉ። 5 ደቂቃ ቆርጣችሁ ለማሽኑ ስጡት። ያንኑ 5 ደቂቃ ራሳችሁም ተይቡ። ማሽኑን ለማረም የፈጀባችሁ ጊዜ ከመተየቡ ካልቀነሰ ተዉት። በእኔ ልምድ ለአዳራሽ ንግግርና ለሬዲዮ ቃለ መጠይቅ ያዋጣል። ጥርሳቸው ላለቀ አባት የገጠር ወግ አያዋጣም።

"እየሰሙ መድገም" የሚሉት ዘዴ ምንድን ነው?

ስልኩ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ጎግል የድምፅ ትየባው ላይ አማርኛን የጨመረው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ጂቦርድ በሚባለው የጎግል የስልክ ኪቦርድ ላይ የማይክሮፎኗን ምልክት ነክታችሁ ስትናገሩ ይጽፋል። በጆሮ ማዳመጫ ቀረጻውን ትሰማላችሁ፣ የሰማችሁትን በራሳችሁ ድምፅ፣ ጥርት አድርጋችሁ ለስልኩ ትደግማላችሁ። የሽማግሌውን ድምፅ የማይለየው ስልክ የእናንተን ይለያል።

ትየባው ለማይፈጥንለት ሰው ከዚህ የተሻለ ዘዴ አላውቅም። ሐረግ በሐረግ ሂዱ፣ ሙሉ ዓረፍተ ነገር አትጠብቁ። ነጥብና አራት ነጥብ ኋላ ታስገባላችሁ። ጸጥ ያለ ክፍል ይፈልጋል፣ ጥሩ ኔትወርክም ይፈልጋል። ከ40 ደቂቃ በላይ ሳታርፉ አትሥሩ፤ ጉሮሮ ይደርቃል፣ ሳታውቁት የሰውየውን ቃል በራሳችሁ ቃል መተካት ትጀምራላችሁ።

እያንዳንዱን "እእ" እና "ማለት ነው" መጻፍ አለብኝ?

እንደ ዓላማው ነው። ለቋንቋ ጥናትና ለፍርድ ቤት ጉዳይ አዎ፣ ሁሉም ይጻፋል። ለጤና ወይም ለግብርና ጥናት፣ ለጋዜጣም፣ መንተባተቡ ይቀራል፣ ሐሳቡ ግን አይነካም። አማካሪያችሁን ሳትጀምሩ ጠይቁ። 12 ቃለ መጠይቅ ጨርሰው "ሁሉም ነገር መጻፍ ነበረበት" የተባሉ ልጆች አውቃለሁ።

የወሎን አነጋገር እንዳለ ልጻፈው ወይስ ላስተካክለው?

እንዳለ ጻፉት። እዚህ ላይ ድርድር አላውቅም። "ኸዚያ ወዲያ ሄድሁ" ያለን ሰው "ከዚያ በኋላ ሄድኩ" ብሎ መጻፍ ማስተካከል አይባልም፣ ሌላ ሰው ማናገር ነው። "አበሽር" ያለውን "በርታ" አታድርጉት። "ወላሂ" እና "አልሐምዱሊላህ" በየመሐሉ ሲመጡ እንደ ትርፍ ቃል አትቁረጧቸው፤ አንዳንዴ የምስክርነቱ ክብደት ያለው እነሱ ላይ ነው። አንባቢ ይቸገራል ብላችሁ ከሠጋችሁ ፍችውን በቅንፍ ወይም በግርጌ አስቀምጡ።

ለፍጥነቱም ይረዳል። እያስተካከለ የሚተይብ ሰው በየቃሉ ሁለት ሥራ ይሠራል፤ ይሰማል፣ ይተረጉማል። የሰማውን የሚጽፍ ሰው አንድ ሥራ ብቻ ይሠራል።

ንግግሩ ውስጥ ሌላ ቋንቋ ሲገባስ?

ባቲ ሰኞ ገበያ ላይ የተቀረጸ ድምፅ ውስጥ አማርኛ፣ ኦሮምኛና አፋርኛ በአንድ ትንፋሽ ይመጣሉ። ከሚሴ ኦሮምኛው ይበዛል፣ ሰቆጣ ኽምጣኛው ይገባል። የማትችሉትን ቋንቋ በግምት አትጻፉ። [ኦሮምኛ፣ 08፡15 እስከ 08፡40] ብላችሁ እለፉ፣ ያንን ክፍል ብቻ ቆርጣችሁ ለሚችል ሰው ስጡት። 25 ሰከንድ የሚተረጉምላችሁ ጎረቤት አይጠፋም።

በጽሑፍ የሚጠፋውን መጥበቅና መላላት ምን ላድርገው?

ይህ ብዙ ሰው ሳያውቀው የሚሳሳትበት ነው። "ቅጠል ይበላ ነበር" ብለው የተናገሩ አባት አሉ እንበል። "በ" ከላላ አንድ የሚታወቅ ሰው ቅጠል በልቶ ነበር የኖረው ማለት ነው። ከጠበቀ ቅጠል መብላት የአገሩ ሁሉ ኑሮ ነበር ማለት ነው። ድምፁ ላይ ልዩነቱ ጥርት ብሎ ይሰማል። ወረቀቱ ላይ ሁለቱም አንድ ናቸው። "ተኩስ ይሰማል"ም እንዲሁ ነው።

ትርጉሙ ሊምታታ የሚችልበት ቦታ ላይ ብቻ [ጠብቆ] ወይም [ላልቶ] ብላችሁ ጨምሩ። በየገጹ ከአንድ ሁለት ቦታ አይበልጥም። ኋላ ጽሑፉን ወደ እንግሊዝኛ የሚመልሰው ሰው እናንተ የሰማችሁትን ድምፅ አልሰማም፣ የሚያየው ፊደሉን ብቻ ነው።

ዓመተ ምሕረትና ሰዓት ሲጠራ እንዴት ልጻፍ?

እንደተነገረው ጻፉ፣ ፍችውን በቅንፍ ጨምሩ። "በሰባ ሰባት" ሲሉ 1977 ዓ.ም. ማለታቸው ነው፣ በፈረንጅ 1984/85። "ክፉ ቀን" ሲሉ ደግሞ ተጠንቀቁ። ከአያት የወረደ ወግ ከሆነ የ1880ዎቹን ታላቅ ረሃብ ሊሆን ይችላል፣ የራሳቸውን ዕድሜ ከሆነ 66ን ወይም 77ን። ከወጉ ካልተለየ አትገምቱ፣ ጠይቁ። "ጠዋት ሦስት ሰዓት"ን ወደ 9 መቀየር የሚያስፈልገው በውጭ ቋንቋ ለሚቀርብ ሥራ ብቻ ነው።

መንዙማና ግጥም እንዴት ይገለበጣል?

ከሁሉም ረጅሙ ሥራ ይህ ነው፣ ለእኔ ከሁሉም የምወደውም። በመንዙማ መሪው ያወጣል፣ ተቀባዩ ይመልሳል፣ ድቤው ከሥር አለ። ተቀባዩ የሚመልሰው ተመሳሳይ ከሆነ አንድ ጊዜ ብቻ ጻፉትና ቀጥሎ "ተቀባይ" እያላችሁ እለፉ። ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። ዜማው ሲለጥጠው "አአአ" የሆነውን አናባቢ አትጻፉ፣ ቃሉን ጻፉ። መሥመሩን ቤት የሚመታበት ቦታ ላይ ስበሩት።

በዓረብኛ የሚገባውን ክፍል በጆሮ ብቻ ለመጻፍ አትሞክሩ። የወሎ ዑለማዎች አማርኛውን መንዙማ ራሱን በዓረብኛ ፊደል፣ በአጀሚ፣ ሲጽፉ ኖረዋል። ስለዚህ አንዳንዱ ግጥም በቤተሰብ እጅ ተጽፎ ሊገኝ ይችላል። ከመገልበጣችሁ በፊት "ጽሑፉ አለ?" ብላችሁ ጠይቁ። ስትጨርሱ ደግሞ ሄዳችሁ ለመሪው አንብቡለት። እኔ ያነበብሁላቸው አንድ ሼኽ ሦስት መሥመር ላይ አስቁመው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በዜማው ደግመው አረሙኝ። በሦስቱም እርግጠኛ ነበርሁ።

ቀረጻውን ለሌላ ሰው ወይም ለኢንተርኔት ገጽ መስጠት እችላለሁ?

ተናጋሪው ምን ብሎ እንደፈቀደ ተመልከቱ። ለእናንተ የነገረ ሰው ለአገር ሁሉ አልነገረም። በተለይ በ2014ቱ ጦርነት ደሴ፣ ኮምቦልቻና ወልድያ ላይ የደረሰውን የሚናገር ቀረጻ ካላችሁ፣ ነፃ ነው በሚል ገጽ ላይ አትጫኑት። የጫናችሁት ድምፅ የት እንደሚቀመጥ አታውቁም። እንዲህ ያለውን ኮምፒውተራችሁ ላይ በእጅ ገልብጡ፣ ስሙን "ተናጋሪ 3" በሚል ቀይሩ፣ ትክክለኛው ስም ያለበትን ወረቀት ለብቻው ቆልፉበት።

ታይፕ ቤት የምትሰጡ ከሆነ ፍላሹን ትታችሁ አትሂዱ። ሥራው ሲያልቅ ፋይሉ ከኮምፒውተሩ መጥፋቱን ዓይናችሁ እያየ አረጋግጡ። ዋጋውንም በገጽ ሳይሆን በቀረጻው ደቂቃ ተነጋገሩ። በገጽ ከሆነ ፊደል ማሳደግና መሥመር ማስፋት ይመጣል።

ከገለበጥሁ በኋላ ድምፁን ላጥፋው?

ተናጋሪው ይጥፋልኝ ካላለ ወይም የጥናቱ ውል ካላስገደደ አታጥፉት። በሁለት ቦታ አስቀምጡት፣ አንዱ ከቤት ውጭ ይሁን። ስሙን "ቅጂ 1" ብላችሁ አትተዉት። "2017 ጥር ሐይቅ 01" ዓይነት ስም ስጡት፣ ጽሑፉንም በዚያው ስም አስቀምጡ። ለቤተሰቡም ፍላሽ ላይ ገልብጣችሁ ስጧቸው። የሐይቋ እናት ልጅ ባለፈው ደውሎ የጠየቀኝ የገለበጥሁትን ጽሑፍ አልነበረም። የእናቱን ድምፅ ነው። በዚያው ቀን በቴሌግራም ላክሁለት፣ ሙቀጫውም ሳይቆረጥ።